ለሬዲዮ ሥራ የትኛው ዳዮድ? አንድ ቁጥር ብቻ አይቶ መምረጥ የት ያደርሳል

መነሻ ጽሑፍ

በአንድ የሬዲዮ ሠሪዎች መድረክ ላይ ይህን ክር (የውይይት ሰንሰለት) የከፈተው አባል ጥያቄውን ከአቋም ጋር ነው ይዞ የመጣው። ለሬዲዮ ሥራ ዳዮድ (ከረንት ወደ አንድ አቅጣጫ የሚያሳልፍ ዕቃ) ሲመረጥ የሚታየው አንድ ቁጥር ነው ይላል፤ እሱም ዳዮዱ ከረንት ማሳለፍ የሚጀምርበት ቮልቴጅ ነው። ተራው ሲሊኮን ከ0.6 እስከ 0.7 ቮልት ይፈልጋል። ጀርመኒየም በ0.2 እና በ0.3 መካከል ይከፍታል፤ 1ኤን5817 የሚባለው ሾትኪም (ብረት በሲሊኮን ላይ ያረፈበት ዳዮድ) ከጀርመኒየሙ ብዙ አይርቅም። እንግዲያው 1ኤን5817 በየፓወር ሰፕላዩ ቦርድ ላይ እንደ ልብ እየተገኘ፣ የጥንት ጀርመኒየም ፍለጋ ምን ያንከራትታል? ነገር ግን ይህ ዳዮድ በመካከለኛ ሞገድ ክሪስታል ሬዲዮ (በሚቀበለው ሞገድ ኃይል ብቻ የሚሠራ መቀበያ) ላይ ሲገባ ጣቢያዎቹ ይደራረባሉ፤ ድምፁም ይደክማል። ኮይሉ 240 ማይክሮሄንሪ፣ ተለዋዋጭ ካፓሲተሩ 365 ፒኮፋራድ፣ ማዳመጫው የክሪስታል ነው። ምክንያቱን የሚያውቅ እንዲያስረዳ፣ ለሁሉም የሬዲዮ ሥራ የሚሆን አንድ ዳዮድ ካለም እንዲጠቁም ጠይቆ ጽሑፉን ዘጋ።

ምላሽ 1

የመጀመሪያው መላሽ በትሕትና ጀመረ። የጠያቂው ኮይልና ካፓሲተር ልክ መሆናቸውን አስቀደመ፤ 240 ማይክሮሄንሪ ከ365 ፒኮፋራድ ጋር 538 ኪሎ ኸርዝ አካባቢ ስለሚያርፍ የመካከለኛ ሞገድን ታችኛ ጫፍ ይይዛል። ጥፋቱ ያለው ዳዮዱ ላይ ነው። 1ኤን5817 የተሠራው አንድ አምፒር እንዲሸከም ስለሆነ ብረቱና ሲሊኮኑ የሚገናኙበት ገጽ ሰፊ ነው፤ ገጹ ሲሰፋ ካፓሲታንሱም ያድጋል፣ ከ100 ፒኮፋራድም ያልፋል። 100 ፒኮፋራድ በ1 ሜጋ ኸርዝ 1.6 ኪሎ ኦም ገደማ ነው። ስለዚህ ሞገዱ ዳዮዱ ተዘጋም ተከፈተ በዚያ መንገድ ወዲያና ወዲህ ይመላለሳል፤ አንዱን ግማሽ ቆርጦ የሚያስቀር ነገር አይኖርም።

ምላሽ 2

ሁለተኛው ባጭሩ ነው የደመደመው። ለክሪስታል ሬዲዮ 1ኤን34ኤ ወይም ኦኤ90 ከመሰለ ጀርመኒየም ሌላ አይሆንም፣ ሾትኪ የሚባለው ሁሉ የኮምፒውተር ፓወር ሰፕላይ ዕቃ ነው አለ። ማስረጃ አላስከተለም።

ምላሽ 3

የክሩ ፍሬ ነገር እዚህ ላይ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ስለዚህ ሰፋ አድርጌ ላቅርበው። ጸሐፊው መነሻውንም ሁለተኛውንም አላስማማኝም አለ። ዳዮድ ደፍ ያለው በር አይደለም። 0.6 ወይም 0.2 ቮልት የሚባለው ጉልበት (የከረንቱ መስመር ድንገት ወደ ላይ የሚታጠፍበት ቦታ) የሚታየው ከረንቱ በሚሊአምፒር ሲለካ ብቻ ነው፤ መለኪያው ወደ ማይክሮአምፒር ሲወርድ ጉልበቱ ቦታውን ይለቅና ያው ቀስ እያለ የሚወጣ ኩርባ ይቀራል። የክሪስታል ሬዲዮ ሲግናል ደግሞ በአብዛኛው በአሥር ሚሊቮልቶች የሚቆጠር ነው። በዚያ ደረጃ ጥያቄው በስንት ቮልት ይከፍታል ሳይሆን፣ በዜሮ ቮልት አካባቢ ሬዚስታንሱ ስንት ነው የሚለው ነው።

ስሌቱንም አስቀመጠ፦ 26 ሚሊቮልትን በዳዮዱ የሙሌት ከረንት (በተቃራኒ አቅጣጫ በሚያሳልፈው ጥቂት ከረንት) ማካፈል። ያለ ባያስ (ዳዮዱን ለማንቃት ከውጭ የሚሰጥ ቮልቴጅ ወይም ከረንት) እንዲሠራ የተዘጋጀው ኤችኤስኤምኤስ-2850 የሙሌት ከረንቱ 3 ማይክሮአምፒር ስለሆነ ሬዚስታንሱ 9 ኪሎ ኦም ገደማ ይወጣል። ወንድሙ ኤችኤስኤምኤስ-2820 ግን 22 ናኖአምፒር ብቻ ስለሆነ 1.2 ሜጋ ኦም ይደርሳል። ሁለቱም ሾትኪ ናቸው፤ ልዩነታቸው ግን ከመቶ እጥፍ በላይ ነው። ጥሩ ጀርመኒየም ከአንድ ማይክሮአምፒር በታች እስከ ጥቂት ማይክሮአምፒር ስለሚይዝ በመካከላቸው፣ በአሥር ኪሎ ኦሞች ሰፈር ይወድቃል። ለረጅም ዘመን የተወደደው በዚህ ምክንያት ነው እንጂ 0.2 ቮልት ስለሆነ አይደለም።

ቀጥሎ ወደ ኮይሉ ዞረ። 240 ማይክሮሄንሪ በ1 ሜጋ ኸርዝ 1.5 ኪሎ ኦም ነው፤ ኪው (ጣቢያን ከጣቢያ የመለየት ጥራቱ) 150 ከሆነ ኮይሉና ካፓሲተሩ አንድ ላይ 225 ኪሎ ኦም ሆነው ይታያሉ። በዚህ ላይ 9 ኪሎ ኦም ቢጫንበት ኪው ከ150 ወደ 6 ይወድቃል፤ የሚያሳልፈው ስፋት 167 ኪሎ ኸርዝ ይሆናል ማለት ነው። በእኛ ቀጠና ጣቢያዎች በ9 ኪሎ ኸርዝ ልዩነት ስለሚቀመጡ በዚያ ስፋት ውስጥ 18 ቦታዎች ይገባሉ። የ1ኤን5817 የሙሌት ከረንት ከኤችኤስኤምኤስ-2850ም ስለሚበልጥ ሬዚስታንሱ ከ9 ኪሎ ኦምም በታች ነው፤ ጠያቂው የሰማው መደራረብ ከዚህ የመጣ ነው።

ምላሽ 4

አራተኛው ሦስተኛውን አመስግኖ፣ ዳዮድ ሳይቀየር የሚሠራ መፍትሔ ጨመረ። ዳዮዱን ከኮይሉ ጫፍ ነቅሎ ከመሬቱ በኩል ሩብ ዙር ላይ ካለ መውጫ ማገናኘት ነው። ኮይሉ 80 ዙር ከሆነ 20ኛው ዙር ላይ ሽቦው ተልጦ አጭር መውጫ ይበየድበታል። ሩብ ላይ የተቀመጠ ሬዚስታንስ ለሙሉው ኮይል 16 እጥፍ ሆኖ ስለሚታየው የኤችኤስኤምኤስ-2850 9 ኪሎ ኦም ወደ 144 ኪሎ ኦም ያድጋል፤ ከ225ቱ ጋርም ይቀራረባል። በየ10 ዙሩ መውጫ ማዘጋጀትና በአዞ ክሊፕ እያቀያየሩ ማዳመጥ ከስሌቱ ይሻላል፣ ምክንያቱም አንቴናው ራሱ ስንት እንደሚጭን አስቀድሞ አይታወቅም አለ። መውጫው በወረደ መጠን ጣቢያ መለየቱ ይጠራል፣ ድምፁ ግን ከአንድ ነጥብ በኋላ መቀነስ ይጀምራል።

ምላሽ 5

አምስተኛው ድምፁ ቆጣ ያለ ነው። ጀርመኒየም ግዙ እያላችሁ ሰው አትምከሩ፣ ዛሬ 1ኤን34ኤ ተብሎ በፓኬት ከሚሸጠው ብዙው ስሙ የተለጠፈበት ሌላ ዳዮድ ነው አለ። ቁጣውን ግን በሥራ አስደግፏል፤ መለያውን ከነአካሄዱ ጻፈ። በመልቲሜትር የዳዮድ መፈተሻ ብቻ መለየት አይቻልም፣ ትንሹ ሾትኪም ጀርመኒየሙም ተቀራራቢ ቁጥር ይሰጣሉና። ይልቅ 9 ቮልት ባትሪ፣ በተቃራኒ አቅጣጫ የተገጠመ ዳዮድና 100 ኪሎ ኦም ሬዚስተር በተከታታይ ይታሰሩና መልቲሜትሩ በሬዚስተሩ ላይ ቮልቴጅ ይለካ። 0.1 ቮልት ማለት 1 ማይክሮአምፒር ነው። ጀርመኒየም ማይክሮአምፒሮችን ያፈስሳል፤ ብርጭቆውን በሁለት ጣት ይዘው ሲያሞቁት ቁጥሩ ዓይን እያየ ይወጣል። እንደ 1ኤን5711 ያለ ሾትኪ ግን በዚህ ቮልቴጅ ከዜሮ ብዙም ፈቀቅ አይልም። አጉሊ መነጽር ካለም በብርጭቆው ውስጥ ከቁራጩ ላይ ያረፈችውን ቀጭን የታጠፈች ሽቦ መፈለግ ነው።

ስለ ብየዳውም አንድ ነገር አከለ፦ ጀርመኒየም ሙቀት አይችልም። እግሩ ቢያንስ አንድ ሴንቲሜትር ይተውለት፣ በብርጭቆውና በመበየጃው መካከል በፒንሳ ይያዝ፣ መበየጃው ከሦስት ሰከንድ በላይ አይቆይበት።

ምላሽ 6

እዚህ ክሩ ወደ ታሪክ ተንሸራተተ። የስድስተኛው ጸሐፊ ያቺ ቀጭን ሽቦ ከጀርመኒየም በፊት የነበረች መሆኗን አስታወሰ። ካርል ፈርዲናንድ ብራውን ብረትና የማዕድን ክሪስታል ሲነካኩ ከረንት ወደ አንድ አቅጣጫ እንደሚያደላ ያየው እ.ኤ.አ. በ1874 ነው። ጃጋዲሽ ቻንድራ ቦስ በጋሌና ለሚሠራ መቀበያ እ.ኤ.አ. በ1904 የፈጠራ መብት አገኘ፤ ግሪንሊፍ ፒካርድ ደግሞ በ1906 ለሲሊኮኑ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወታደሮች በምላጭና በእርሳስ ጫፍ ሬዲዮ ሲሠሩ የተጠቀሙት ይህንኑ ነው፤ ምላጩ በሙቀት የሰማያዊ መልክ የያዘ መሆን ነበረበት፣ የሚያጣራው በላዩ የተፈጠረው የኦክሳይድ ሽፋን ነውና። ከርዕሱ የወጣ ቢመስልም ጠቅሞኛል፤ ሾትኪ ዳዮድ በመሠረቱ ያው ብረት በሴሚኮንዳክተር ላይ ያረፈበት፣ በፋብሪካ የተስተካከለ ነገር መሆኑን ያሳያል።

ምላሽ 7

ሰባተኛው ወደ ምላሽ 3 ተመልሶ፣ ጀርመኒየም ያጣ ሰው 1ኤን5711ን በትንሽ ባያስ ማንቃት ይችላል አለ። የኮይሉ የታችኛው ጫፍ ከመሬት ይነሳና በ10 ናኖፋራድ ካፓሲተር ብቻ ወደ መሬት ይሂድ፤ ከ1.5 ቮልት ባትሪ በ10 ሜጋ ኦም ሬዚስተር በኩል 0.13 ማይክሮአምፒር ይሰጠው። 26 ሚሊቮልት ለ0.13 ማይክሮአምፒር ሲካፈል 200 ኪሎ ኦም ስለሆነ ከኮይሉ ጋር እጅና ጓንት ይሆናሉ።

ምላሽ 8

ስምንተኛው እስካሁን የነበረውን አንቱታ ትቶ በአንተ ነው የገባበት፤ ስሌት የሚያውቅ ሁሉ ሰርኪዩት አያውቅም እስከማለትም ደረሰ። አነጋገሩ ባይጣፍጥም እርማቱ ትክክል ነው። ዳዮዱ ያጣራው ቀጥተኛ ከረንት ዞሮ የሚመለስበት መንገድ ያስፈልገዋል። 10 ሜጋ ኦሙ መንገዱን ዘግቶበታል። ደካማ ጣቢያ ላይ ጥፋቱ አይታወቅም፤ ቅርብ ያለ ኃይለኛ ጣቢያ ሲመጣ ግን 10 ናኖፋራዱ ወደ ኔጋቲቭ ይሞላል፣ ዳዮዱን መልሶ ይዘጋዋል፣ ድምፁም ይታነቃል።

የራሱ አሠራር እንዲህ ነው። ባትሪው ላይ 100 ኪሎ ኦም ቋሚ ሬዚስተርና 25 ኪሎ ኦም ፖቴንሽዮሜትር በተከታታይ ይታሰራሉ፤ ከፖቴንሽዮሜትሩ መሐል እግር ከ0 እስከ 0.3 ቮልት ይገኛል። የኮይሉ ታችኛ ጫፍ ከዚያ መሐል እግር ጋር ይገናኝና በ0.1 ማይክሮፋራድ ወደ መሬት ይተላለፋል። የዳዮዱ አኖድ በኮይሉ በኩል፣ ካቶዱ በማዳመጫው በኩል ይሆናል። ከባትሪው የሚወጣው 12 ማይክሮአምፒር ብቻ ስለሆነ ማብሪያ ማጥፊያም አያስፈልገውም፤ ባትሪው ከሥራ ብዛት ሳይሆን በዕድሜው ነው የሚያልቀው። ማስተካከያው ደካማ ጣቢያ ላይ ሆኖ ድምፁ እስኪጎላ ቀስ ብሎ ማዞር ነው። ካለፈ ጣቢያዎች መደራረብ ስለሚጀምሩ ትንሽ ወደኋላ መመለስ ነው።

ምላሽ 9

የመድረኩ አስተናባሪ ገብቶ ሁሉም አባል ሌላውን እንዲያከብር አሳሰበ፤ በዚያውም ማንም ያላነሳውን ነጥብ ጨመረ። መነሻው ላይ የተጠቀሰው የክሪስታል ማዳመጫ በኤሌክትሪክ ባሕርዩ ካፓሲተር ነው፣ ቀጥተኛ ከረንት አያሳልፍም። ከጎኑ 100 ኪሎ ኦም ገደማ ሬዚስተር ካልታሰረለት፣ ምላሽ 8 የተናገረው መታነቅ ያለ ባያስም ይደርሳል። ለስልክ የሚሸጠው 32 ኦም ማዳመጫ ደግሞ ያለ ትራንስፎርመር ዝም ነው የሚለው።

ምላሽ 10

አሥረኛው ለሁሉም የሚሆን አንድ ዳዮድ ወደሚለው ጥያቄ ተመለሰ። ለማጣራት የሚመረጠው ባሕርይ ለማብሪያና ማጥፊያ ሲሆን ጥፋት ነው አለ። አንቴናን ከማሰራጫ ወደ መቀበያ የሚያዞር ሰርኪዩት የሚፈልገው ፒን ዳዮድ ነው። በፒ እና በኤን በሚባሉት ሁለት የሴሚኮንዳክተር ክፍሎች መካከል ምንም ያልተጨመረበት ወፍራም ንብርብር አለው፤ ቻርጅ እዚያ ይጠራቀማል፣ ቶሎም አይወጣም። ሞገዱ ቻርጁ ከሚወጣበት ጊዜ በብዙ ከፈጠነ ዳዮዱ ሊያጣራው አይደርስበትም፤ ልክ በቀጥተኛ ከረንት እንደሚታዘዝ ሬዚስተር ይሆናል። ለአጭር ሞገድ ደግሞ ውድ ፒን ዳዮድ አያስፈልግም፤ 1ኤን4007 ሺህ ቮልት እንዲችል ተብሎ ተመሳሳይ ንብርብር ስላለው ይሠራል። ከተቃጠለ ኃይል ቆጣቢ አምፖል ሥር ያለው ክብ ቦርድ ላይ አራቱ ተደርድረው ይገኛሉ፤ ቆራሌው የሚወስደው አምፖል ሁሉ የአንድ ማብሪያ ሙሉ ዕቃ ይዞ ነው የሚሄደው።

ምላሽ 11

አሥራ አንደኛው ይህንን በቁጥር አጠናከረ። 10 ዋት በ50 ኦም ላይ ሲሄድ ጫፉ 32 ቮልትና 0.63 አምፒር ነው። በ7 ሜጋ ኸርዝ አንዱ ግማሽ ዙር 29 ናኖኩሎም ቻርጅ ይጎትታል። 1ኤን4007 በ20 ሚሊአምፒር ባያስ፣ ቻርጁ የሚቆየው 2 ማይክሮሰከንድ ብቻ ነው ቢባል እንኳ 40 ናኖኩሎም ያከማቻል፤ ስለዚህ ሙሉ ግማሽ ዙሩን ክፍት ሆኖ ያሳልፈዋል። 1ኤን4148 ግን ቻርጁን በ4 ናኖሰከንድ ስለሚለቅ በዚያው ባያስ 0.08 ናኖኩሎም ነው ያለው፤ ግማሽ ዙሩ ሳያልቅ ይዘጋል፣ ማሰራጫው በሃርሞኒክ (በዋናው ፍሪኩዌንሲ ብዜቶች ላይ በሚወጣ ሞገድ) ይሞላል።

ባያሱን ከ12 ቮልት በ470 ኦም ሬዚስተርና በ100 ማይክሮሄንሪ ቾክ (ቀጥተኛ ከረንት አሳልፎ የሬዲዮ ሞገድን የሚያግድ ኮይል) በኩል መስጠት 24 ሚሊአምፒር ያስገኛል። ሬዚስተሩ ላይ ሩብ ዋት ስለሚጠፋ የግማሽ ዋት ይደረግ፤ ሞገዱን የሚያሳልፉት ካፓሲተሮች 10 ናኖፋራድ ይበቃቸዋል፤ በዳዮዱ ማዶም ወደ መሬት የሚመልስ ሌላ ቾክ አይረሳ። የተዘጋው ዳዮድ በበኩሉ በተቃራኒ ቮልቴጅ ካልተያዘ የራሱ የማሰራጫው ሞገድ ይከፍተዋል፤ ለ10 ዋት 32 ቮልት ካለ ሥጋት የለም።

ወሰኑንም ገለጸ። ሲዘጋ 2 ፒኮፋራድ የሚቀረው ዳዮድ በ7 ሜጋ ኸርዝ 41 ዴሲቤል ይለያል፤ ያው ዳዮድ በ145 ሜጋ ኸርዝ 15 ዴሲቤል ብቻ ነው። ስለዚህ ለሁለት ሜትር ባንድ አምፖሉን ትቶ 0.3 ፒኮፋራድ ያለው እውነተኛ ፒን ዳዮድ መግዛት ይገባል፤ ያኔ 31 ዴሲቤል ይገኛል።

ምላሽ 12

አሥራ ሁለተኛው ምላሽ 10ን ባጭሩ አረመ፤ በእኔ ግምት ብዙ ሰው ከከንቱ ልፋት የሚያድን ማሳሰቢያ ነው። አምፖሉ ቦርድ ላይ ያለው ጥቁር ዳዮድ ሁሉ 1ኤን4007 አይደለም፤ ጽሑፉ ይነበብ። ኤፍአር107 ቻርጁን በ500 ናኖሰከንድ፣ ዩኤፍ4007 ደግሞ በ75 ናኖሰከንድ እንዲለቅ ሆኖ የተሠራ ነው፤ ለፓወር ሰፕላይ መልካም፣ ለዚህ ሥራ ግን የማይሆን። እዚያው ቦርድ ላይ ያለችው ትንሽ የብርጭቆ ዕቃ ዲቢ3 ልትሆን ትችላለች። መልኳ እንደ 1ኤን4148 ነው፤ ዳያክ ናት እንጂ ዳዮድ አይደለችም። እስከ 32 ቮልት ገደማ በሁለቱም አቅጣጫ ዝግ ስለሆነች ክሪስታል ሬዲዮ ላይ ቢያስገቧት ምንም አይሰማም፤ መልቲሜትርም በሁለቱም በኩል ምንም አያሳይባትም። ዋናውን ካፓሲተር ሳያስወጡ ቦርዱን በእጅ መንካት ደግሞ አደገኛ ነው፤ 220 ቮልት ሲጣራ ወደ 310 ቮልት ይደርሳል።

ምላሽ 13

ሌላ አባል ማሰራጨት ፈቃድ እንደሚጠይቅ አስታወሰ፤ አዲስ አበባ ያለ ሰው አምስት ኪሎ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ግቢ ያለውን የኢቲ3ኤኤ የአማተር ሬዲዮ ክበብ ቢያውቅ እንደሚጠቅመውም ነገረ።

ምላሽ 14

አሥራ አራተኛው ቫራክተርን፣ ማለትም ካፓሲታንሱ በቮልቴጅ የሚለወጥ ዳዮድን፣ አነሳ። ያ 365 ፒኮፋራድ ተለዋዋጭ ካፓሲተር እየጠፋ ስለሆነ በቢቢ112 ወይም በ1ኤስቪ149 መተካት ይቻላል አለ። ሁለቱም በ1 ቮልት ተቃራኒ 500 ፒኮፋራድ አካባቢ ናቸው፣ በ8 ቮልት ወደ 25 ይወርዳሉ። ከ531 እስከ 1602 ኪሎ ኸርዝ ለመድረስ ካፓሲታንሱ 9.1 እጥፍ መለዋወጥ አለበት፤ የሽቦና የኮይል ትርፍ 20 ፒኮፋራድ ቢጨመርበትም 520 ለ45 ከ11 እጥፍ በላይ ስለሆነ ይበቃል። የማስተካከያው ቮልቴጅ በ100 ኪሎ ኦም በኩል ይግባ።

ምላሽ 15

አሥራ አምስተኛው ቁጥሩን ተቀብሎ አሠራሩን አልተቀበለም። አንድ ቫራክተር ብቻውን ሲቀመጥ የሲግናሉ ውጣ ውረድ ራሱ ካፓሲታንሱን ይለውጠዋል፤ በተለይ በ1 ቮልት አካባቢ ኃይለኛ ጣቢያ ሲመጣ ማስተካከያው ይናወጣል። ስለዚህ ሁለቱ ካቶድ ለካቶድ ተያይዘው ቮልቴጁ ከመሐላቸው ይገባል፤ አንዱ ሲጨምር ሌላው ይቀንሳል። ዋጋው ግን ካፓሲታንሱ በግማሽ መቀነሱ ነው፦ ከ250 እስከ 12.5። በዚህ ላይ ያው 20 ፒኮፋራድ ሲጨመር ለውጡ 8.3 እጥፍ ብቻ ይሆናል፤ ኮይሉ ለ531 ቢስተካከል ላይኛው ጫፍ 1530 ኪሎ ኸርዝ ላይ ያበቃል። ወይ ኮይሉን ለሁለት ከፍሎ በማብሪያ መቀያየር፣ ወይ ጥንዶቹን እጥፍ አድርጎ ኮይሉን ማሳነስ ነው።

ቀጥሎ የሚያስከፋው ስህተት የቮልቴጁ ንጽሕና መሆኑን ተናገረ። 8 ቮልት 100 ኪሎ ኸርዝ የሚያንቀሳቅስ ማወዛወዣ (ሞገድ የሚያመነጭ ሰርኪዩት) ላይ አንድ ሚሊቮልት 12.5 ኸርዝ ነው። ከግድግዳ መብራት የመጣ የ100 ኸርዝ ርዝራዥ ሁለት ሚሊቮልት ቢያልፍ የሞርስ ድምፅ ይሻክራል። ከፖቴንሽዮሜትሩ መሐል እግር ወደ መሬት 10 ማይክሮፋራድ ማሰር ግማሹን መፍትሔ ይሰጣል።

ምላሽ 16

የዚህ ምላሽ ጸሐፊ ለሚክሰር (ሁለት ሞገዶችን ለሚያደባልቅ ሰርኪዩት) የሚሆን ዳዮድ አለመነሳቱን ታዘበ። አራት ዳዮዶች በቀለበት ተያይዘው፣ በሁለቱም በኩል ሦስት ሽቦ አንድ ላይ ተገምዶ በኤፍቲ37-43 ቀለበት ላይ 10 ወይም 12 ጊዜ የተጠመጠመ ትራንስፎርመር ሲገባላቸው ሁለት ሞገዶችን ያደባልቃሉ። ማወዛወዣው 5 ሚሊዋት መስጠት አለበት፤ ከሲግናሉ ከ6 እስከ 7 ዴሲቤል ይጠፋል። ለአጭር ሞገድ 1ኤን4148 ይበቃል፣ ከፍ ላለው ሾትኪ ይሻላል።

አራቱ ግን መመሳሰል አለባቸው፤ እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ዳዮዶቹ በ1 ሚሊአምፒር ሲለኩ ቮልቴጃቸው በ5 ሚሊቮልት ውስጥ መቀራረብ ይገባዋል። ሲሊኮን ግን በእያንዳንዱ ዲግሪ 2 ሚሊቮልት ይቀንሳል። በጣት የተያዘ ዳዮድ በ10 ዲግሪ ሲሞቅ 20 ሚሊቮልት ይወርዳል፤ ከተፈለገው ልዩነት አራት እጥፍ ማለት ነው። ስለዚህ ለምርጫ የቀረቡት ዳዮዶች እግራቸው ወረቀት ላይ ተለጥፎ ለግማሽ ሰዓት ይተው፣ በክሊፕ ይለኩ፣ ቁጥሩ ከጎናቸው ይጻፍ፤ በእጅ የሚነካ አይኑር።

ምላሽ 17

አንድ አባል ከዲሽ ላይ የወረደ ኤልኤንቢ (የዲሹ መቀበያ ራስ) ውስጥ የጋን ዳዮድ (ማይክሮዌቭ የሚያመነጭ ዕቃ) እንደሚገኝና ለ10 ጊጋ ኸርዝ ማሰራጫ እንደሚሆን ጻፈ።

ምላሽ 18

ወዲያው የመጣው መልስ በቁጣ ሳይሆን በጥንቃቄ የተጻፈ ነው። ኤልኤንቢ 9.75 እና 10.6 ጊጋ ኸርዝ የሚያመነጨው በትራንዚስተር ነው፤ ቦርዱን የፈታ ሰው የጋን ዳዮድ አያገኝም። ጋን የሚገኘው በአሮጌ በር ከፋችና እንቅስቃሴ ጠቋሚ መሣሪያዎች ውስጥ፣ በብረት ሣጥን ተጣብቆ ነው። የኤን ዓይነት ሴሚኮንዳክተር፣ በአብዛኛው ጋሊየም አርሴናይድ፣ ብቻ ነው፤ የፒና የኤን መገናኛ የለውም፤ ዳዮድ የተባለው ሁለት እግር ስላለው ነው። ወደ 8 ቮልት፣ ከ100 እስከ 200 ሚሊአምፒር ይፈልጋል፤ ተገልብጦ ከተገጠመ ይሞታል። በቮልቴጅ መስመሩ ላይ በዝቅተኛ ፍሪኩዌንሲ ራሱን እንዳያወዛውዝ 10 ኦምና 0.1 ማይክሮፋራድ በተከታታይ ሆነው ከእግሩ አጠገብ ወደ መሬት ይታሰራሉ። ከርዕሱ ስለማይርቅ ሊዮ ኤሳኪ እ.ኤ.አ. በ1957 ያገኘውን የቶንል ዳዮድም ጠቀሰ፤ በ1973 የፊዚክስ ኖቤል ያስገኘለት ነው። የጀርመኒየሙ ቶንል ከ60 ሚሊቮልት ገደማ በኋላ ቮልቴጅ ሲጨመርለት ከረንቱ እየቀነሰ እስከ 350 ሚሊቮልት ይወርዳል፤ ለማወዛወዝ የሚጠቅመው ይህ ቁልቁለት ነው። ክሪስታል ሬዲዮ ላይ ግን ቦታ የለውም።

ምላሽ 19

ክሩን የከፈተው አባል ተመልሶ ሁሉንም አመሰገነ፤ አንድ ቁጥር ይበቃል ያለውንም ተወ። 1ኤን5817ን አውጥቶ 1ኤን5711ን በምላሽ 8 አሠራር እንደሚያስገባ፣ ማዳመጫው ላይም 100 ኪሎ ኦም እንደሚያስር ጻፈ። አንድ ጥያቄ ቀረው፦ ዳዮዱ ተገልብጦ ቢበየድ ምን ይሆናል?

ምላሽ 20

መልሱን የሰጠው ያው የምላሽ 8 ጸሐፊ ነው፤ አሁን ወንድሜ ብሎ ነው የጀመረው። ባያስ በሌለው ሬዲዮ ላይ ዳዮዱ በየትኛውም በኩል ቢዞር ድምፁ አንድ ነው፤ ከላይኛው ግማሽ ይልቅ ታችኛው ይቆረጣል እንጂ በሁለቱም ላይ ያለው ንግግር ያው ነው። ባያስ ካለ ግን ዳዮዱ ሲገለበጥ ባትሪውም አብሮ መገልበጥ አለበት። ካልተገለበጠ ፖቴንሽዮሜትሩን ባዞሩት ቁጥር ድምፁ እየጠፋ ይሄዳል፤ ስህተቱም የሚታወቀው በዚሁ ነው።